የወለቃን ሰዎች ማን አሳፈራቸው?

በውጭ አገር የሚኖር አንድ የአክስቴ ልጅ አለ። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጎንደር መጥቶ ነበር። ከመምጣቱ በፊት ከግብፅ ጠረፍ በምትነሣ አንዲት ትንሽ የመዝናኛ መርከብ ቀይ ባሕር ላይ ሰንብቷል። እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቁጭ እንዳልን የጉዞውን የመጀመሪያ ቀናት አንድ በአንድ ተረከልን።

በመጀመሪያው ቀን እንግዳው መርከቧን ከመርገጡ በፊት ጫማውን ይጠየቃል። ጫማው ቅርጫት ውስጥ ይገባና ጉዞው እስኪያበቃ እዚያው ይቀመጣል፤ በመርከቧ ላይ ሁሉም የሚሄደው በባዶ እግሩ ነው። ቀዝቃዛ መጠጥና ፎጣ ይቀርብለታል፤ ክፍሉን ያሳዩታል፤ ማዕበሉ ለሚያጥወለውለው ሰው ክኒን ተዘጋጅቷል። መንገደኛው ሃያ አይሞላም፤ አሳላፊው ግን የእያንዳንዱን ስም አጥንቶ ይጠብቃል። በሁለተኛው ቀን ጥልቀት በሌለው ውሃ የመጥለቅ ልምምድ ይደረጋል። በሦስተኛው ቀን መርከቧ ወደ ኮራሉ ትጠጋለች፤ ከዚያ ወዲያ መብላት፣ መጥለቅና መተኛት ነው። «ከሦስተኛው ቀን በኋላ ቀኑ ሁሉ ተመሳሰለብኝ» አለ። ይህን ሲል ቅር ያለው አይመስልም ነበር።

እናቴ ሲኒዋን እንደ ያዘች «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ ከፍለህ በባዶ እግርህ አስኬዱህ?» አለችው።

«እትዬ፣ ድሎቱ እሱ ነው እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

በማግሥቱ ወለቃን ላሳየው ይዤው ሄድሁ። ወለቃ፣ ለማያውቃት፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። የቤተ እስራኤል ሰዎች ይኖሩባት ነበር። ያን ዕለት የጠበቁን የዳዊት ኮከብ የተሳለባቸው ጎጆዎች፣ አንዲት ትንሽ ምኩራብ፣ በእንግሊዝኛ «የፈላሻ መንደር» የሚል ጽሑፍና በመደዳ የተደረደሩ የሸክላ ቅርጾች ነበሩ፤ አንበሳ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ። የአክስቴ ልጅ አንድ አንበሳ ገዛ። በጋዜጣ እየጠቀለለ «ጋሼ፣ ፊልሙን አይተውታል?» ሲል ጠየቀኝ።

«የትኛውን ፊልም?»

«ስለ ሆቴሉ ነዋ! እነዚህን ሰዎች እኮ ያዳናቸው ሆቴል ነው። እኔ በነበርሁበት ባሕር ዳርቻ!»

ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም። ይህ ጽሑፍ መልሴ ነው። መልሱ ግን ለእሱ ብቻ አይደለም፤ እሱ የሰማውን ተናገረ። ክሴ ታሪኩን እንዲህ አድርገው በነገሩትና ምንም ሳንናገር በቀረነው በእኛ ላይ ነው።

ሆቴሉ ተረት አይደለም። በሱዳን የቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ የሚባል ቦታ አለ። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የመዝናኛ መንደር ሠርተውበት ኋላ ትተውት ሄዱ። የእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ሞሳድ የስዊስ ኩባንያ መስሎ ከሱዳን መንግሥት ተከራየው። አካባቢው በጠላቂዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሰዎችን ከባሕር ሥር በተተከለ ቤት ያኖረው በዚያው ጠረፍ፣ ሻዓብ ሩሚ በሚባለው ኮራል አጠገብ ነበር። ስለዚህ ሆቴሉ እውነተኛ እንግዶችን አገኘ፤ ቱሪስቶች፣ ዲፕሎማቶች፣ የሱዳን ባለሥልጣናት ሳይቀሩ መጡበት። ሰላዮቹ ቀን ቀን እንግዳ ያስተናግዳሉ፣ መጥለቅ ያስተምራሉ፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ሌላ ሥራ ነበራቸው። እንግዳ እንዳይገባበት በተከለከለው የመጥለቂያ ዕቃ ቤት ውስጥ የተደበቀው የሬዲዮ መገናኛ ነበር።

በኅዳር 1974 ዓ.ም. የንግድ መርከብ መስላ የተዘጋጀች «ባት ጋሊም» የተባለች የእስራኤል ባሕር ኃይል መርከብ ከዚያ ጠረፍ ወዲያ ቆመች። ስሟ «የማዕበል ልጅ» ማለት ነው። በዚያ የመጀመሪያ ጉዞዋ 164 ቤተ እስራኤላውያን ተሳፈሩባት። ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ሌሊት የሱዳን ወታደሮች ዳርቻው ላይ ደርሰው ተኩስ ከፈቱ፤ ከዚያ ወዲህ በረሃ ላይ በሚያርፉ ወታደራዊ አውሮፕላኖች መጠቀም ተጀመረ። ቀጥሎ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «የሙሴ ዘመቻ» በተባለው ጉዞ ስምንት ሺ ያህል ሰዎች ከሱዳን በአየር ወጡ። በ1977 ዓ.ም. ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርዱ ሰላዮቹ ሆቴሉን ጥለው ተሰወሩ፤ እንግዶቹ በማለዳ ሲነሡ ከአገሬው ሠራተኞች በስተቀር ማንም አልነበረም።

ጥሩ ታሪክ ነው፤ ፊልም ይወጣዋል፣ ደግሞም ወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣው ይኸው ፊልም የተቀረጸው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። ጀግኖቹ ሰላዮቹ ናቸው፤ ይዋኛሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ይሮጣሉ። የቤተ እስራኤል ሰዎች ግን በጭነት መኪና ላይ ዝም ብለው የሚቀመጡ፣ በጀልባ ላይ ዝም ብለው የሚሸከሟቸው ዕቃዎች ይመስላሉ። ከትግራይ የተነሣውን መምህር ፈረደ አክሉምን የሚያውቅ ስንት ነው? ካርቱም ድረስ ሄዶ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ መንገዱ እንዲከፈት ያደረገው እሱ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ስሙ እንኳ ተለውጦ ከጀግናው ጀርባ የሚቆም ሰው ሆኗል።

እንግዲህ የአክስቴን ልጅ የመጀመሪያ ቀናት ካነሣን፣ የእነርሱንም እናንሣ።

የእነርሱ ጉዞ የመጀመሪያ ቀን በመርከብ ላይ አልዋለም። ከጎንደር ደጋ በሌሊት ተነሥቶ፣ ጎረቤት ሳይሰማ በር ዘግቶ በመውጣት ጀመረ። ደርግ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣትን እንደ ወንጀል ይቆጥር ስለ ነበር ለጎረቤት እንኳ ደኅና ሁን ማለት አይቻልም። ቀን ተደብቆ ሌሊት መሄድ፤ ከደጋው ወደ ቆላው መውረድ፤ ጥማት፣ ወባ፣ ሽፍታ። ከሳምንታት በኋላ ገዳሪፍ ዙሪያ ባሉት የስደተኛ ሰፈሮች መድረስ፤ እዚያም ማንነትን ደብቆ መቀመጥ። ኡም ራኩባ የሚባለው ሰፈር የስንቱን ልጅ ቀበረ! በመንገድና በሰፈር ያለቁት አራት ሺ ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ሄርዝል ተራራ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በነገራችን ላይ ያ ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሲገቡበት እንደ ገና ተከፈተ። እኛ ብንረሳው ቦታው አልረሳንም።

ከዚያ ከገዳሪፍ ወደ ባሕሩ ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በጭነት መኪና፣ ሁለት ሌሊት፣ ሳይናገሩ፣ ሳያስሉ፣ ሕፃን ሳያስለቅሱ። በመጨረሻ ጨለማ፣ አሸዋ፣ የጎማ ጀልባና የማያውቁት ወታደር። ለጎንደር ሰው ባሕር ማለት ጣና ነው፤ ዳርቻው የሚታይ፣ ውሃው የሚጠጣ። ዳርቻ የሌለውና የማይጠጣ ባሕር ላይ በሌሊት መውጣት ምን ይመስል ይሆን? ጫማ የጠየቃቸው አልነበረም። ጫማ ያልነበራቸው ብዙ ነበሩ፤ የነበራቸውንም መንገዱ በልቶታል።

የአክስቴ ልጅ በባዶ እግሩ መሄድን በገንዘብ ገዛው። አልፈርድበትም፤ ላብ ያፈሰሰበት ገንዘቡ ነው። ነገር ግን በባዶ እግራቸው የመጡትን ሰዎች ሆቴል አዳናቸው ሲለኝ፣ ሰው ታሞ፣ ቆስሎ፣ ልጁን ቀብሮ የተሻገረውን መንገድ ለመጨረሻው በር ከፋች ሰጠው። በር የከፈተ ይመስገን! ሰላዮቹ ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ቢሆንም በሩ ድረስ የደረሰው በማን እግር ነው?

ደግሞም ያ እግር በ1974 ዓ.ም. የጀመረ አይደለም። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ አባ ማሃሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸውን አስነሥተው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀምረው ነበር። ቀይ ባሕር ለሙሴ እንደ ተከፈለ ለእነርሱም ይከፈላል የሚል ተስፋ ነበራቸው። ትግራይ ደርሰው በረኃብና በበሽታ ብዙዎች አለቁ፤ ባሕሩን ሳያዩ ቀሩ። ስለዚህ በአሩስ አሸዋ ላይ የቆሙት 164 ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ጉዞ ጨራሾች ነበሩ እንጂ የሆቴል እንግዶች አልነበሩም። ይህን የሚናገር ፊልም እስካሁን አላየሁም።

እስካሁን የወቀስሁት ሩቅ ያሉትን ነው። ሩቅ ያለን መውቀስ ደግሞ ቀላል ነው። አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ለምን ሄዱ? «ኢየሩሳሌም ናፍቃቸው» ብለን እንመልሳለን። እውነት ነው፤ በየዓመቱ በስግድ ቀን ተራራ ወጥተው ጸልየውላታል። ግን እሱ የመልሱ ግማሽ ነው፤ ሌላውን ግማሽ እኛ እናውቀዋለን። «ፈላሻ» ያልናቸው እኛ ነን፤ ትርጉሙ መጻተኛ፣ አገር የሌለው ማለት ነው። እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ታሪካቸው እንደሚነግረን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያልተጠመቀ ርስት የለውም ተባለ። መሬት ሲያጡ ሸክላ ሠሩ፣ ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ የጎንደርን አብያተ መንግሥት ከገነቡት ግንበኞችና አናጢዎች መካከልም እንደ ነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ይጽፋሉ። እኛ ደግሞ በግንቡ ኮራን፤ ግንበኛውን «ቡዳ» አልነው። በክፉ ቀን ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ አገር ሲራብ እነርሱ ከሁሉ በፊት አለቁ፤ ርስት የሌለው ምን ይቆፍራል? መሬት ላራሹ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ያረሱት መሬት የእነርሱ ተብሎ አያውቅም።

ራሴን ከዚህ አላወጣም። እናቴ እንጀራ የምትጋግርበት ምጣድ የመጣው ከወለቃ ነበር። ልጅ ሳለሁ ምጣዱን ይዛ የመጣችውን ሴት ዓይን እንዳላይ ፊቴን በነጠላ ይሸፍኑኝ ነበር። ምጣዱ ቤት ይገባል፤ ሴትዮዋ ግን ደጅ ቆማ ዋጋዋን ትቀበላለች። የበላሁት እንጀራ ሁሉ በእጇ በተሠራ ሸክላ ላይ የተጋገረ ነው። ከዚያ ወዲያ ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። እነርሱም ከእኛ ጋር ከተነካኩ ይታጠቡ እንደ ነበር አውቃለሁ፤ ይህን ማስተባበያ አድርጎ የሚያነሣልኝ አይጠፋም። ግን መሬቱም፣ ዳኝነቱም፣ ሸንጎውም በእኛ እጅ ሳለ የእነርሱን መታጠብና የእኛን መሸፈን እኩል ማድረግ ሚዛን መስረቅ ነው።

ያን ዕለት ወለቃ ላይ አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። ቤተ እስራኤል አይደሉም፤ በልጅነታቸው ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። «በሌሊት ነው የሄዱት» አሉኝ። «በጠዋት ስንገባ ጭቃው እንደ ተቦካ ነበር። ገና ያልተተኮሰ ጀበናም ነበር። እናቴ ይመለሳሉ ብላ በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነችው። ሳምንት ሙሉ ጨርቁን እያረጠበች ጠበቀች።»

ይህን ታሪክ የትኛው አስጎብኚ ይነግራል? በየትኛው ግድግዳ ላይ ተጽፏል? ግድግዳው ላይ ያለው ኮከብ ነው፤ ኮከብ ደግሞ ይሸጣል። የሰደብንበትን ስም በእንግሊዝኛ ጽፈን መንገድ ዳር ሰቀልነው። ሲኖሩ ያፈርንባቸውን ሰዎች ሲሄዱ ነገድንባቸው።

«የድሀ እንጀራ አትዝጋ» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ስለዚህ በደንብ ልናገር። ሸክላ ሠሪዋን አልወቅስም። በወለቃ ዛሬ ሸክላ የሚሠሩት ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያው ሥራ ነው፤ ጦርነቱና ግጭቱ ጎብኝውን ባራቀባቸው ዓመታት ደግሞ ችግራቸው ብሷል። እነርሱ አንበሳ የሚሠሩት ገዢው አንበሳ ስለሚጠይቅ ነው። ገዢው አንበሳ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ስላልተነገረው ነው። ያልነገርነውም እኛ ነን፤ መምህራን፣ ጸሐፊዎች፣ አስጎብኚዎች፣ የባህል ቢሮ ሰዎች። እውነቱ ቢነገር ጎብኝው ይሸሻል የሚል ካለ ግን ጎብኝውን ንቆታል። ሰው በገንዘቡ ተሳፍሮ ዓለምን የሚያቋርጠው ሌላ ቦታ ያልሰማውን ለመስማት ነው፤ ኮከብማ የትም ይሳላል።

«ያለፈ ነገር ነው፤ ደግሞም ታሪኩ የእስራኤል ነው» የሚሉም አሉ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ሲወጡ ታሪኩም አብሮ የተጫነ ይመስላቸዋል። አልተጫነም። የተነሡበት ደጅ፣ የወረዱበት ቆላ፣ የተናገሩበት አማርኛና ትግርኛ፣ የሰደባቸው አፍና ያበላቸው እጅ ሁሉ የዚህ አገር ነው። እስራኤል ስግድን እ.ኤ.አ. በ2008 ብሔራዊ በዓል አድርጋዋለች። እኛስ ምን አደረግን?

መርከብ ስለማንወድ ነው እንዳይባል፣ መርከብስ እንወዳለን። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ ሁለት» የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ ላይ ሆና ወደ ጣና ስትጓዝ ያየነውን እናስታውስ። ለወራት በየብስ ሄደች። ዛሬ እዚህ ደረሰች፣ ነገ ያንን ዳገት ወጣች እየተባለ በየዕለቱ ተነገረ፤ ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ በእልልታ ተቀበላት። ደስ ይላል፤ እኔም ተደስቻለሁ። ጎርጎራ ላይ የተሠራውን መዝናኛም አልነቅፍም፤ ጣና ላይ ተዝናንቶ ጫማውን የሚያወልቅ እንግዳ ይብዛልን። ነገር ግን በአስፋልት ላይ የተጎተተች አንዲት መርከብ ያቋረጠችውን መንገድ በየማረፊያው የቆጠርን ሰዎች፣ ወደ መርከብ በእግሩ የሄደ የራሳችን ሰው ያቋረጠውን አንዲት ኪሎ ሜትር እንኳ አልቆጠርንለትም።

ምን ይደረግ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው። በመጀመሪያ በወለቃ መግቢያ ላይ ሰዎቹ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም፣ «ቤተ እስራኤል» ተብሎ፣ ከሁሉ በፊት በአማርኛ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከወለቃ ተነሥቶ በገዳሪፍ አሩስ የሚደርሰው መንገድ በአንድ ግድግዳ ላይ በካርታ ይሳል፤ ጎብኝው ሸክላውን ከመግዛቱ በፊት ይየው። ሦስተኛውና የሚያስቸኩለው፣ በ1974 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል። እነዚህ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች አሁንም በአማርኛና በትግርኛ ያወራሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን በዕብራይስጥ ነው የሚሰሟቸው። በአማርኛ የሚነግሩንን በአማርኛ የምንሰማበት ጊዜ አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ አስጎብኚዎች የሞሉባት ጎንደር ይህን ማድረግ ካቃታት፣ ሆቴሉና ሰላዮቹ ታሪኩን ጠቅልለው ቢወስዱት ለማን አቤት ትላለች?

የአክስቴ ልጅ ይህን ሲያነብ ቅር እንዳይለው እለምነዋለሁ። ጥያቄውን የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነውና ባለውለታዬ ነው። ጎንደር የቅኔ አገር ናትና በአንድ ቃል ልሰናበተው። በአማርኛችን «አሳፈረ» ሁለት ፍቺ አለው። ሰሙን ወስዶ የወለቃን ሰዎች ማን አሳፈራቸው ብሎ ለሚጠይቅ፣ ባት ጋሊም የተባለች ትንሽ መርከብ አንድ ሌሊት አሳፈረቻቸው። ወርቁን ለሚጠይቅ ግን እስከ መርከቧ ድረስ ስንት መቶ ዓመት ያሳፈርናቸው እኛ ነን። ማፈር ያለበት ማን እንደ ሆነ አሁንም አልተነጋገርንም።